ከአቡጀዲ ወደ ጎማ፦ የጄጁ ጠላቂ ሴቶችና ብርድ

በጥር ወር በኮሪያ ደቡባዊ ጠረፍ የባሕሩ ውኃ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል። ያልለመደው ሰው ድንገት ቢገባበት መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ሳይወድ በግድ አየር ይስባል፣ በዚያች ቅጽበት ውኃ ከሳበም መስጠም ይመጣል። ይህን ቢያልፍ እንኳ ብዙ ደቂቃ ሳይቆይ ጣቶቹን ቆፈን ይይዛቸውና ገመድ መጨበጥ ያቅተዋል። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ይወስዳል፤ በ10 ዲግሪ አየር ሹራብ ለብሶ በደስታ የሚንሸራሸር ሰው በ10 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ነፍሱን ለማትረፍ ይታገላል። የጄጁ ደሴት ሴቶች ግን እስከ 1970ዎቹ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚህ ውኃ ውስጥ ስስ የጥጥ ልብስ ብቻ ለብሰው፣ ያለ አየር ጋን፣ ትንፋሻቸውን ይዘው እየጠለቁ ቤተሰብ ያስተዳድሩ ነበር።

ሄንዮ ይባላሉ። ከባሕር ወለል የሚያወጡት አባሎኒ የሚባለውን ዐለት ላይ የሚጣበቅ ባለዛጎል እንስሳ፣ ሌላ ልዩ ልዩ ዛጎል፣ ኦክቶፐስና ለምግብም ለማዳበሪያም የሚሆን የባሕር ቅጠል ነው። መሣሪያቸው ትንሽ ነው፦ አባሎኒውን ከዐለት የሚፈለቅቁበት ብረት፣ አጭር ማጭድ፣ መረብ፣ በላዩም ተንተርሰው የሚያርፉበት ትልቅ ደረቅ ቅል። ቅሉ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ መረቡ ከሥሩ ይንጠለጠላል። ሴቲቱ ጠልቃ ስትወጣ የያዘችውን አየር እንደ ፉጨት አድርጋ ታስወጣዋለች፤ ያ ፉጨት ከዳርቻው ይሰማል።

ሥራው የሴቶች የሆነው በአንድ ጊዜ አይደለም። ጄጁ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረች ደሴት ናት፤ አፈሯ ውኃ ስለማይዝ ለሩዝ አይመችም። ሴኡል የነበረው የጆሰን ሥርወ መንግሥት ቤተ መንግሥት ግን ከዚህች ድሃ ደሴት ግብር ይጠብቅ ነበር፤ ከግብሩም አንዱ አባሎኒ ነው። ቀድሞ አባሎኒውን ጠልቀው የሚያወጡት በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ግብሩ ሲከብድ ብዙዎቹ በጀልባ ወደ ዋናው ምድር ሸሹ። መንግሥትም በ1629 የደሴቲቱ ሰው ያለፈቃድ እንዳይወጣ ከለከለ፤ ክልከላው ወደ 200 ዓመት ገደማ ቆየ። የሸሹትና ባሕር የበላቸው ወንዶች ዕዳ በቀሩት ሴቶች ላይ ወደቀ። በዚያው ዘመን በግዞት ጄጁ የነበረው ዪ ጎን የተባለ የንጉሣውያን ዘር ስለ ጠላቂ ሴቶቹ ጽፎ አልፏል። ዛሬ ለቱሪስት የሚሸጠው ምስል ሄንዮን እንደ ነፃ የባሕር ልጅ ያሳያል፤ የሙያው ሥር ግን ግብር ሰብሳቢው ነው።

አንዲት ልጅ መጀመሪያ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ እየተጫወተች ዋና ትለምዳለች። በ11 ወይም በ12 ዓመቷ መጥለቅ ትሞክራለች፤ በአሥራዎቹ መካከል ከእናቷና ከአያቷ ጋር ለሥራ ትወጣለች። ከዚያ እስከ እርጅና ዓመቱን ሙሉ ባሕር ነው። ነፍሰ ጡር ሆነው እስከ መውለጃቸው ድረስ የሚጠልቁ ብዙዎች ነበሩ። እንደ ችሎታቸው ሦስት ማዕረግ አላቸው፦ ጀማሪዎቹ ሃጉን፣ መካከለኞቹ ጁንግጉን፣ ከሁሉ ጠልቀው ከሁሉ ዘግይተው የሚወጡት ሳንግጉን ይባላሉ። አብዛኛው ሥራ ከ5 እስከ 10 ሜትር ባለው ጥልቀት ነው፤ ሳንግጉኖቹ ከዚያም ይወርዳሉ። አንድ ጊዜ ሲጠልቁ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ይቆያሉ፣ ወጥተው ይተነፍሳሉ፣ ደግመው ይወርዳሉ። በቀን ይህን አሥር ጊዜ ሳይሆን በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ያደርጉታል።

የሥራ ሰዓታቸውን የሚወስነው ትንፋሽ አልነበረም፤ ብርድ ነው። በሙቀቱ ወራት በአንድ ዙር አንድ ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ ይቆያሉ፤ በጥር ግን ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት እንደ ሠሩ ይወጣሉ። ሲወጡ የሚሮጡት ቡልቶክ ወደሚባለው እሳት መሞቂያ ነው። ይህ በባሕሩ ዳርቻ በድንጋይ ካብ የተከበበ፣ መሃሉ ላይ እሳት የሚነድበት ክብ ስፍራ ነው። ልብስ የሚቀየረው እዚያ፣ ሕፃን የሚጠባው እዚያ፣ ስለ ሞገዱና ስለ ዐለቱ ጀማሪ የምትማረው እዚያ ነው። አቀማመጡም ሥርዓት ነበረው፦ ጭስ የማይደርስበት ምርጥ ቦታ የሳንግጉኖቹ ነው፤ ጀማሪዎቹ ጭሱን እየጠጡ ይሞቃሉ። አንድ መንደር ማን ምን ያህል ብርድ እንደቻለ የሚለካበት ሌላ መለኪያ አላስፈለገውም።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሄንዮዎች ከደሴታቸው ወጥተው መሥራት ጀመሩ። መጀመሪያ ቡሳን ወደብ አጠገብ ወዳለችው ዮንግዶ ደሴት፣ ከዚያም ወደ ጃፓን፣ ወደ ቻይና ጠረፍና ወደ ሩሲያዋ ቭላዲቮስቶክ ባሕር ድረስ ሄዱ። በጃፓን ቅኝ ግዛት ዘመን፣ በጥር 1932፣ ምርታቸውን በርካሽ ይነጥቅ የነበረውን ማኅበር ተቃውመው በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው አደባባይ ወጡ፤ ማጭድና አባሎኒ መፈልቀቂያ ብረታቸውን እንደያዙ ነበር። በዚያው ዓመት ቴሩኦካ ጊቶ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም አማ ስለሚባሉት የጃፓን ጠላቂ ሴቶች በጀርመንኛ አንድ ጥናት አሳተመ። የሰውነት አሠራር ሊቃውንት ዓይናቸውን ወደ እነዚህ ሴቶች የጣሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቡሳን ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ ስም አይደለችም። ለኮሪያ ጦርነት የተላከው የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያ ጦር በግንቦት 1951 ከመርከብ የወረደው እዚያ ነው፤ ዘማቾቹ በኋላ የሚያወሩትም ስለ ጠላት ብቻ ሳይሆን ስለ ኮሪያ ብርድ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከዚያው ወደብ ፊት ለፊት በምትገኘው ዮንግዶ የሚሠሩ ጠላቂ ሴቶች የሳይንስ ርእስ ሆኑ።

ሥራውን የመራው በሴኡል ዮንሴ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኮሪያዊው ሆንግ ሱክ ኪ ነው፤ አጋሩ በአሜሪካ ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኸርማን ራን። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ እነዚህ ሴቶች ብርዱ አይሰማቸውም ወይስ እየተሰማቸው ይችሉታል? የአፋቸውን ሙቀት ለኩ። መልሱ እንደሚጠበቀው አልሆነም። ሴቶቹ ከባሕር የሚወጡት የሰውነታቸው ሙቀት ወደ 35 ዲግሪና ከዚያም በታች ሲወርድ ነው፤ ሐኪም ቢያገኛቸው ብርድ ልብስ ደራርቦ የሚያስተኛቸው ዓይነት ማለት ነው። ስለዚህ ቀዝቅዘዋል፤ በደንብ ቀዝቅዘዋል። ያንን ቅዝቃዜ በየቀኑ፣ ዓመት እስከ ዓመት ስለሚቀምሱት ግን ሰውነታቸው መልስ አበጅቶለታል።

የመጀመሪያው መልስ እሳቱን ከፍ ማድረግ ነው። ሰው ምንም ሳይሠራ ተኝቶም ቢሆን ለመኖር የሚያቃጥለው የተወሰነ ኃይል አለ። የሄንዮዎቹ ይህ ኃይል በቀዝቃዛው ወራት ወደ 30 በመቶ ከፍ ይል ነበር፤ እዚያው መንደር የሚኖሩ የማይጠልቁ ሴቶች ግን ከወር እስከ ወር አንድ ዓይነት ናቸው። ማገዶውም በምግብ ይከፈላል፦ ጠላቂዎቹ በቀን ወደ 3,000 ካሎሪ ሲበሉ ጎረቤቶቻቸው 2,000 ያህል ይበቃቸው ነበር።

ሁለተኛው መልስ መንቀጥቀጥን ማዘግየት ነው። ተመራማሪዎቹ ሰዎችን ውኃ ውስጥ ለሦስት ሰዓት እያስተኙ፣ ሳይንቀጠቀጡ የሚችሉትን ዝቅተኛ የውኃ ሙቀት ፈለጉ። የማይጠልቁት ኮሪያውያት ወደ 30 ዲግሪ ላይ ሲያበቁ ጠላቂዎቹ ወደ 28 ዲግሪ ወረዱ። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ውኃ ውስጥ መተኛትን የሞከረ ሰው አይንቀውም። በዚያ ላይ ጠላቂዎቹ ወፍራሞች አልነበሩም። ከቆዳቸው ሥር ያለው ስብ ከጎረቤቶቻቸው አይበልጥም፤ ልዩነቱ ደም ሥራቸው ሙቀትን ከእጅና ከእግር እየሰበሰበ ወደ ውስጥ በመመለሱ ነው።

ይህን ከሌላ የብርድ ጀግና ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው ግሪፊዝ ፒውና ባልደረባው ኦቶ ኤድሆልም የእንግሊዝ ቦይን የሚያቋርጡ ዋናተኞችን ያጠኑ ነበር። ፒው ከኤቨረስት የ1953 ዘመቻ ጋር የሄደ ሐኪም ነው፤ ሰውነቱም ቀጭን። ጄሰን ዚርጋኖስ የተባለው ግሪካዊ ዋናተኛ ደግሞ ጠንካራም ወፍራምም ነበር። ሁለቱ በ16 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ሲፈተኑ ዚርጋኖስ ያለ ችግር ሲቆይ ፒው በብዙ ፍጥነት ቀዘቀዘ። ውጤቱ በ1955 በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ወጣ። ዚርጋኖስን ያዳነው የሥጋው መደረቢያና ለሰዓታት ክንዱን ሳያቋርጥ የሚያንቀሳቅስ ጉልበቱ ነው፤ ያም ወሰን አለው፤ በ1959 በአየርላንድና በስኮትላንድ መካከል ያለውን ቀዝቃዛ ባሕር ሲያቋርጥ ሞተ። ሄንዮዎቹ መደረቢያም አልነበራቸውም፣ ሥራቸውም እንደ ረጅም ርቀት ዋና ሙቀት የሚያመነጭ አይደለም። ሁለቱም ብርድ ቻይ ይባላሉ፣ የመጡበት መንገድ ግን የተለያየ ነው።

እጅ ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። በካናዳ ጋስፔ አካባቢ ያሉ ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ላይ ወፍራም ልብስ ለብሰው፣ እጃቸውን ብቻ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እየነከሩ መረብ ይጎትታሉ። ሲለካ እጃቸው ከሌላው ሰው እጅ ይበልጥ ሞቅ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ደም ወደ ጣታቸው በብዛት ይሮጣል። የሄንዮዎቹ ደግሞ በተቃራኒው፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ጣታቸው የሚሄደው ደም ከሌላው ያነሰ ነው። ዓሣ አጥማጁ የሚያባክነው ሙቀት አለው፣ ሌላው አካሉ ደርቧልና። ጠላቂዋ ግን እስከ አንገቷ ውኃ ውስጥ ናት፤ ጣቷን ብታሞቅ ልቧን ታቀዘቅዛለች። ሰውነት የሚለምደው በደፈናው ብርድን ሳይሆን ያን የተለየ የሥራ ዓይነት ነው።

ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ ደገኛ ወደ ቆላ ሲወርድ የመጀመሪያው ሳምንት ለምን እንደሚብስበት የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህ በሰፊው የተጠናው በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ነው። ጉድጓዶቹ እየጠለቁ ሲሄዱ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሠራተኞች በሙቀት መሞት ጀመሩ፤ በ1930ዎቹ አልዶ ድሬኦስቲ የተባለ ሐኪም አዲስ የመጡትን በሙቅና እርጥብ ክፍል እያሠራ ማን ቶሎ እንደሚለምድ የሚለይበትን ዘዴ አወጣ። አንድ ሰው በሙቀት ውስጥ በየቀኑ እየሠራ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ላቡ ቀድሞ ይወርዳል፣ ልቡም ያነሰ ይመታል። ቀድሞ በስፖርት ወይም በከባድ ሥራ የጠነከረው ሰው ደግሞ ደሙ ብዙ ላቡም ፈጣን ስለሆነ ግማሹን መንገድ ሄዶ ይጀምራል። ሥራውን ሲያቆም ልምዱ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ይጠፋል። ዘዴው ሕይወት ማትረፉ አይካድም፤ የተፈተኑት ጥቁር ሠራተኞች ግን የመረጡት ነገር አልነበረም፣ ዓላማውም ወርቁ እንዳይቆም ነው።

የሙቀት ልምድ በሳምንታት ይመጣል፣ በሳምንታት ይሄዳል። የብርድ ልምድስ? ይህን ማንም ሆን ብሎ ሊፈትነው አይችልም፤ አንድን ሰው ለዓመታት በብርድ ባሕር ካሠሩ በኋላ ድንገት ማሞቅ ይጠይቃል። በሄንዮዎቹ ላይ ግን ይኸው ሆነ፣ ያውም ሳይታሰብ።

በ1970ዎቹ የጎማ ልብስ መጣ። ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያለብስ፣ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ሙቀት የሚይዙለት ልብስ ነው። ስለሚያንሳፍፍ ወገብ ላይ የእርሳስ ክብደት መታጠቅ ያስፈልጋል። አጥኚዎቹ ይከታተሏቸው የነበሩት ጠላቂዎች ከ1977 ጀምሮ ይህን መልበስ ጀመሩ። በጥር ሩብ ሰዓት ይቆዩ የነበሩት ሴቶች አሁን ሁለትና ሦስት ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ውኃ ውስጥ መዋል ቻሉ።

ፓርክ ያንግ ሴንግና ባልደረቦቹ፣ ሆንግም አብሯቸው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለክትትል ሲመለሱ የድሮው ቁጥር አልተገኘም። በቀዝቃዛው ወራት ከፍ ይል የነበረው እሳት ጠፍቷል። መንቀጥቀጥ የሚጀምሩበት የውኃ ሙቀት በየዓመቱ ከፍ እያለ ሄዶ ከማይጠልቁት ሴቶች ጋር እኩል ሆነ። የጣታቸው ደም ሥርም እንደ ማንኛውም ሰው ሆነ። ጥናቱ በ1983 ታተመ። ሴቶቹ እነዚያው ናቸው፣ ባሕሩም ያው፣ ሥራውም ያው፤ ጉልበታቸውም አልቀነሰም፣ እንዲያውም ከበፊቱ ረዘም ላለ ሰዓት ይጠልቃሉ። የቀረው ቅዝቃዜው ብቻ ነው። ዕድሜ ልክ የተገነባው የብርድ ልምድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈረሰ። ከዚህ የምንረዳው ብርቱ ሰውነት ብቻውን ብርድ ቻይ እንደማያደርግ ነው፤ ብርዱ ራሱ ካልነካው ሰውነት ትርፍ ማገዶ አያነድም።

ይህን ታሪክ የሚጽፉ አንዳንዶች የጠፋውን ችሎታ በሐዘን ያነሡታል። ያዘኑት በአብዛኛው ሌሎች ናቸው። በ35 ዲግሪ የሰውነት ሙቀት እየተንቀጠቀጠ ከባሕር ወጥቶ፣ ጭስ ወደሚያፍን እሳት መሮጥን ማን ይናፍቃል? የጎማ ልብስ የሄንዮዋን ገቢ ከፍ አደረገ፤ የእጇን ቆፈን አስቀረላት።

እርግጥ ነው፣ በነፃ አልመጣም። ረጅም ሰዓት መጥለቅ ሲለመድ ራስ ምታቱ በረታ፤ ከመጥለቃቸው በፊት የሕመም ማስታገሻ መዋጥ የብዙዎች ልማድ ሆነ። ባሕሩም ተጎዳ። በአቡጀዲው ዘመን ብርዱ ራሱ ሴቶቹን ከባሕር እያወጣ አባሎኒውን ያተርፈው ነበር፤ ጎማው ሲመጣ ያ ጠባቂ ተነሣ። በጃፓን አንዳንድ የአማ መንደሮች ይህን ቀድመው ስላዩ ልብሱን ለአንድ ቤት አንድ ብቻ ብለው ገደቡ። በጄጁ የመንደር ዓሣ አጥማጆች ማኅበራት የመጥለቂያ ቀንና ሰዓት ይወስናሉ፣ ያላደገ ዛጎል እንዳይነሣ ይከለክላሉ፣ አንዳንድ ወራትንም ይዘጋሉ።

ሁሉም ነገር ግን ልምድ ነው ማለት ነው? በ2025 በሜሊሳ ኢላርዶ የተመራ የጄኔቲክስ ቡድን በሴል ሪፖርትስ መጽሔት ያወጣው ጥናት ለጥያቄው ሁለት ፊት ሰጠው። ሄንዮዎችን፣ የማይጠልቁ የጄጁ ሴቶችንና የሴኡል ሴቶችን አወዳድሯል። ፊታቸውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረው ትንፋሻቸውን ሲይዙ የሄንዮዎቹ የልብ ምት ከማይጠልቁት የጄጁ ሴቶች ይበልጥ ወረደ፤ ሁለቱ ቡድኖች የአንድ ደሴት ዘር ስለሆኑ ይህ ከሥልጠና የመጣ ነው። በሌላ በኩል በጄጁ ሰዎች መካከል፣ ጠላቂም ሆነ አልሆነ፣ በሚጠልቁበት ጊዜ የደም ግፊት ከመጠን በላይ እንዳይወጣ ከሚያግዝ ለውጥ ጋር የተያያዘ የዘር ምልክት ከሴኡሎቹ ይልቅ በብዛት ተገኘ፤ ከብርድ መቻል ጋር የተያያዘ ሌላ ምልክትም ታይቷል። እናቶች ነፍሰ ጡር ሆነው በሚጠልቁበት ደሴት የደም ግፊት የሞትና የሽረት ጉዳይ መሆኑን ተመራማሪዎቹ ያነሣሉ። ግማሹ ከአያት፣ ግማሹ ከባሕር።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ጄጁ ውስጥ ከ23,000 በላይ ሄንዮዎች ነበሩ። ከዚያ መንደሪን ተተከለ፤ ከሽያጩ ልጆች ስለሚማሩበት ሰዉ ዛፉን የዩኒቨርሲቲ ዛፍ ይለው ጀመር። ሆቴሎች ተሠሩ፣ ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፣ እናቶችም ልጆቻቸው ባሕር እንዳይወርዱ ፈለጉ። በ2016 ዩኔስኮ ሙያውን በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው ጠላቂዎቹ ከ5,000 በታች ነበሩ፤ ዛሬ 3,000 አይሞሉም፣ ከ10ሩ 9ኙም ከ60 ዓመት በላይ ናቸው። በደሴቲቱ የሄንዮ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። እዚያ የሚገቡት ወጣቶች ከመጀመሪያው ቀን ጎማ ስለሚለብሱ አያቶቻቸው ይሸከሙት የነበረውን የጥር እሳት ሰውነታቸው አያውቀውም። ቡልቶኮቹም በአብዛኛው ሙቅ ሻወር ባላቸው መልበሻ ቤቶች ተተክተዋል።

አሁን ሴቶቹን የሚገድለው ከብርዱ ይልቅ ዕድሜ ነው። በየዓመቱ በሥራ ላይ ከሚሞቱት አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው፤ ልብ ባሕር ውስጥ ይከዳል። የጄጁ መስተዳድር ከ2019 ጀምሮ አረጋውያኑ መጥለቅ እንዲያቆሙ ለተወሰነ ጊዜ የሚከፈል የወር ድጎማ መድቧል። ተቀብለው ያቆሙ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ የእርሳስ መታጠቂያቸውን እንደታጠቁ ወደ ባሕር መውረዳቸውን ቀጥለዋል።